የዓይን ፈሳሽና ፕሮቲኖቹ፦ በዕድሜ ስለሚመጣው የማኩላ ሕመም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ የምኖረው ደሴ። "ከዓይን ውስጥ ፈሳሽ ቀድተው ያጠናሉ አሉ፣ እውነት ነው?" የሚል ጥያቄ ከደሴም ከኮምቦልቻም ደጋግሞ ይመጣልኛል። እውነት ነው። እንዴትና ለምን እንደሚሠራ፣ ለታማሚው ዛሬ የሚጠቅመውንና ገና የማይጠቅመውን እዚህ አስቀምጫለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ሕክምናውን የሚወስነው ዓይናችሁን ያየው ባለሙያ ነው።

በሽታው የቱ ነው? ሞራ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሞራ የዓይን ሌንስ ሲደፈርስ የሚመጣ ነው። የደፈረሰው ሌንስ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በሰው ሠራሽ ይተካል፤ ብዙ ሰው በማግስቱ ፋሻው ሲፈታለት ያያል። እኛ የምናወራው ከዓይን ኋላ ስላለው ሬቲና ነው። ሬቲና መሀል ላይ ማኩላ የሚባል ትንሽ ቦታ አለ። የሰው ፊት የምንለየው፣ የምናነበው፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር የምናስገባው በእሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ቦታ በአንዳንድ ሰው ላይ ይጎዳል።

ምልክቱ ከሞራ ይለያል። ሽማግሌው በር ላይ የቆመውን ልጃቸውን ፊት አይለዩም፤ ከጎናቸው ያለውን በርጩማ ግን ሳይደናቀፉ ያልፉታል። ዳዊት ሲደግሙ ወይም ቁርአን ሲቀሩ የመስመሩ ዳርና ዳር እየታየ መሀል ላይ ያለው ቃል ይጠፋባቸዋል። ቀጥ ያለው የመስኮት ብረት ጎበጥ ብሎ ይታያቸዋል።

ሁለት ዓይነት አለው። ደረቁ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ከሬቲናው ሥር ድሩዘን የሚባል ቢጫ ዝቃጭ ይጠራቀማል፤ በዓመታት ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት ይሞታሉ። እርጥቡ ግን ፈጣን ነው። ከማኩላው ሥር መብቀል የሌለባቸው ደም ስሮች ይበቅሉና ፈሳሽና ደም ያንጠባጥባሉ፤ እይታ በሳምንታት ውስጥ ሊወርድ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005-06 (በእኛ 1998 ዓ.ም. ገደማ) በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች ግማሽ ያህሉን የያዘው ሞራ ነበር። የማኩላ ጉዳት 5 በመቶ ገደማ ነበር። ስለዚህ እዚህ አካባቢ ዓይኑ የደከመ ሰው ሁሉ "ሞራ ነው" ቢባል አይገርምም። ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

የሚቀዳው ፈሳሽ እንባ ነው?

እንባ ከውጭ ነው። ይህኛው ከዓይን ውስጥ ነው፤ ሁለት ነው። ፊተኛው ከጥቁሩ ክፍል በስተጀርባ ያለው፣ እንደ ውኃ የጠራው ነው። በጠቅላላው ሩብ ሚሊ ሊትር ገደማ ቢሆን ነው። ያለማቋረጥ ይመረታል፣ ያለማቋረጥ ይወጣል፤ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል። የኋለኛው ዝልግልግ ነው። የዓይንን ሆድ የሚሞላው እሱ ነው፤ 4 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ ከ100 እጅ 98 ያህሉ ውኃ ነው። እንባንም የሚያጠኑ አሉ፤ ስለ ማኩላ ግን ከውስጠኛው ፈሳሽ ያነሰ ነው የሚናገረው።

በሽታው ከኋላ ከሆነ ለምን ከፊት ይቀዳል?

ለዚህ በሽታ ሬቲናን ቆርጦ ናሙና መውሰድ አይቻልም። ከጉበት ወይም ከጡት በመርፌ ቅንጣት ሥጋ ወስዶ መመርመር የተለመደ ነው። ከማኩላ ቅንጣት መውሰድ ግን እይታውን ራሱን መውሰድ ነው። ስለዚህ አጥኚዎች ሕዋሱን ትተው ሕዋሱ የለቀቀውን ይፈልጋሉ። የሬቲና ሕዋሳት ሲጨነቁ፣ ሲያብጡ፣ ሲሞቱ ፕሮቲኖቻቸውን ይለቃሉ። እነዚህም ከኋለኛው ዝልግልግ ቀስ እያሉ ወደ ፊተኛው ፈሳሽ ይደርሳሉ።

ቦርከናን አስቡት። ከኮምቦልቻ በታች ከወንዙ አንድ ጠርሙስ ውኃ የቀዳ ሰው፣ ከላይ የትኛው ፋብሪካ ምን እንደለቀቀ ግቢው ሳይገባ ሊያውቅ ይችላል። ግን ውኃው ከሌላ ወንዝ ጋር ተቀላቅሏል፣ ቀጥኗል፤ ጥቂቱም መንገድ ላይ ቀርቷል። ፊተኛው የዓይን ፈሳሽም እንደዚያው ነው። ስለ ኋላው ይናገራል፣ የሚናገረው ግን በቀጠነ ድምፅ ነው። ከኋለኛው ዝልግልግ መቅዳት የበለጠ ቅርብ መረጃ ይሰጣል። ያ የሚደረገው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ለሌላ ምክንያት የሬቲና ቀዶ ሕክምና ሲገባ ብቻ ነው።

ናሙናው እንዴት ይወሰዳል? ዓይኔ አይፈስም ወይ?

ይህን የማይጠይቅ የለም፤ መጠየቅም ተገቢ ነው። ዓይን አይፈስም። ሰውየው በጀርባው ይተኛል። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግለታል፣ ዓይኑና ዙሪያው በቤታዲን ይጸዳል፣ ቆቡን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ሽቦ ይገባል። ከዚያ ሐኪሙ እንደ ፀጉር የቀጠነች መርፌ ጥቁሩና ነጩ በሚገናኙበት ዳር ወደ ጎን አግድም ያስገባል። አግድም የሚሆነው ከኋላ ያለውን ሌንስ እንዳይነካ ነው። የሚቀዳው ከ0.1 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፣ ብዙ ጊዜም ያንሳል። ሲሪንጁ ውስጥ ሲታይ ምንም የተቀዳ አይመስልም፤ ጥርት ያለ ነው። ዓይን የወጣበትን ራሱ ይተካል።

አደጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ኢንፌክሽን ሊገባ ይችላል፣ መድማትም ሊኖር ይችላል። ይህ በጥንቃቄ ሲሠራ እምብዛም አይከሰትም፤ ከተከሰተ ግን ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው ለጥናት ተብሎ ጤነኛ ዓይን የማይወጋው። ናሙናው የሚወሰደው ዓይኑ ያለዚያም ሊከፈት ሲል ነው፦ ለሞራ ቀዶ ሕክምና ሲገባ፣ ወይም ታማሚው ዓይን ውስጥ የሚሰጠውን መርፌ ሊወስድ ሲል።

ከዚያ ሥራው ወደ እኛ ወደ ላብራቶሪ ሰዎች ይመጣል፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጥናት የሚበላሸው። ቱቦው ወዲያው በረዶ ላይ ይቀመጣል። በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከርና ሕዋስ ካለበት ይለያል። ከዚያ ጥቂት ጥቂት ተደርጎ በትናንሽ ቱቦዎች ይከፋፈላል፣ እያንዳንዱ ላይ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ ይገባል። የሚከፋፈለው አንዱን ለማውጣት ሁሉንም ላለማሟሟት ነው። ቀልጦ ተመልሶ የቀዘቀዘ ፕሮቲን እንደ መጀመሪያው አይሆንም።

በአንድ ጠብታ ውስጥ ያለ ፕሮቲን እንዴት ይለያል?

በሁለት መንገድ። አንደኛው ማስ ስፔክትሮሜትር በሚባል መሣሪያ ነው። ፕሮቲኖቹ ትሪፕሲን በተባለ ኢንዛይም ይቆራረጣሉ። ቁርጥራጮቹ የኤሌክትሪክ ሙል ይዘው መሣሪያው ውስጥ ይበራሉ፣ እዚያ ክብደታቸው ይለካል። ኮምፒዩተሩ ክብደቱን አይቶ "ይህ ቁራጭ ከዚህ ፕሮቲን የመጣ ነው" ይላል። ፕሮቲንን የሚያህል ትልቅ ነገር ሳይሰበር እንዲበር ላደረጉበት ዘዴ ጆን ፌንና ኮይቺ ታናካ እ.ኤ.አ. በ2002 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ሁለተኛው መንገድ የሚፈለገውን ፕሮቲን ብቻ የሚይዙ ፀረ እንግዳ አካላትን መጠቀም ነው። የእርግዝና ወይም የኤችአይቪ ምርመራ ያየ ሰው መሠረቱን ያውቀዋል። ይህ ዘዴ በጣም ጥቂት የሆነውንም ፕሮቲን ያገኛል። ግን የሚያገኘው የፈለግነውን ብቻ ነው። ያላሰብነውን ነገር የሚያሳየን የመጀመሪያው ነው። ጥሩ ጥናት ሁለቱንም ይጠቀማል፤ በአንዱ የተገኘውን በሌላው ያረጋግጣል።

እስካሁን ምን ተገኘበት?

ከሁሉ የሚያኮራው ታሪክ የቪኢጂኤፍ ነው። ይህ ደም ስር እንዲበቅል የሚያዝ ፕሮቲን ነው። ናፖሊዮኔ ፌራራና ባልደረቦቹ ጄነንቴክ በተባለ የአሜሪካ መድኃኒት ኩባንያ ውስጥ ሆነው እ.ኤ.አ. በ1989 ለይተውታል። በ1994 ቦስተን ያሉ አጥኚዎች ከታማሚዎች ዓይን የተቀዳ ፈሳሽ መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ስኳር ሬቲናቸውን ጎድቶት አዲስ ደም ስር እየበቀለባቸው በነበሩ ሰዎች ዓይን ውስጥ ቪኢጂኤፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። የዓይን ፈሳሽ ጠብታ ወደ መድኃኒት መንገድ ጠቆመ ማለት ነው። ይህን ፕሮቲን የሚያግድ ራኒቢዙማብ የተባለ መርፌ በ2006 ለእርጥቡ የማኩላ ሕመም አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት እርጥቡ ዓይነት የያዘው ሰው እይታው ሲሄድ ከማየት ሌላ ብዙ ተስፋ አልነበረውም።

ለእኛ አገር የበለጠ የሚጠቅመው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ለአንጀት ካንሰር የተሠራው ቤቫሲዙማብ ይህንኑ ፕሮቲን ያግዳል፤ ዋጋው ደግሞ በብዙ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ሁለቱን አነጻጽሮ በእይታ ረገድ እኩል ሆነው አገኛቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2013 ቤቫሲዙማብን ለዓይን አገልግሎት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

ሁለተኛው ኮምፕሊመንት የሚባለው ቡድን ነው። እነዚህ ፕሮቲኖች ደም ውስጥ ሆነው ጀርም የሚያጠቁ ናቸው። ሰዎች ከሞቱ በኋላ ከለገሷቸው ዓይኖች ላይ ድሩዘን ሲመረመር ኮምፕሊመንት ተገኘበት። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ በርካታ ቡድኖች ለየብቻ ሠርተው ወደ አንድ ቦታ ደረሱ፦ ኮምፕሊመንትን የሚቆጣጠረው ፋክተር ኤች የተባለው ፕሮቲን ዘረ መል ላይ ያለ አንድ ልዩነት በሽታውን የመያዝ ዕድል ይጨምራል። በኋላ የታማሚዎች ፊተኛው የዓይን ፈሳሽ ሲለካም ኮምፕሊመንት ሲነሳ የሚለቃቸው ስባሪዎች ከሌላው ሰው ከፍ ብለው ተገኙ። ሰውነት ጠላት ሳይኖር የራሱን ሬቲና እየወጋ ነው ማለት ነው። በ2023 ኮምፕሊመንትን የሚያግዱ ሁለት መርፌዎች አሜሪካ ውስጥ ለደረቁ ዓይነት የመጨረሻ ደረጃ ተፈቅደዋል። የሞተውን ቦታ መስፋፋት ያዘገያሉ፤ የጠፋውን እይታ ግን አይመልሱም። ይህን ደጋግሜ የምለው "መድኃኒት ተገኘ" የሚለው ወሬ ከውጭ በቪዲዮ ሲመጣ ይህን ክፍል ስለሚተው ነው።

ሦስተኛው አዲስ ነው። በ2023 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ከፊተኛው ፈሳሽ ጠብታ ወደ 6,000 የሚጠጉ ፕሮቲኖችን ለክተዋል። ከዚያም እያንዳንዱ ፕሮቲን ከየትኛው ዓይነት ሕዋስ እንደመጣ ለይተዋል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታግዘው ከፕሮቲኖቹ የዓይኑን ዕድሜ ገመቱ፤ የታመመው ዓይን ከባለቤቱ ዕድሜ በላይ ያረጀ ሆኖ ተገኘ። ዋናዎቹ ታማሚዎች በስኳር የተጎዳ ሬቲናና ሌሎች የሬቲና በሽታዎች ያሏቸው ነበሩ። መንገዱ ግን ለማኩላም ያገለግላል። እኔን ከሁሉ የሳበኝ ይህ ሥራ ነው፤ ከሕያው ሰው ዓይን አንድም ሕዋስ ሳይነካ የትኛው ሕዋስ እንደታመመ መጠየቅ ተቻለ።

ፕሮቲን ከተባለ እንቁላልና ሥጋ ብበላ ዓይኔ ይሻለዋል?

አይገናኙም። የምንበላው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ይበታተናል። ዓይን ውስጥ የሚለካውን ራሱ ሕዋሱ ነው የሚሠራው። ለማኩላ የሚመከረው ምግብ ይልቅ ጎመንና ቆስጣ ነው፤ ማኩላ ውስጥ የሚገኘው ሉቲን የተባለ ቀለም በእነሱ ውስጥ ብዙ ነው።

ቫይታሚን ግን ይረዳል ይባላል?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኢ፣ ዚንክና ሌሎችም በከፍተኛ መጠን ሲወሰዱ መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለው በሽታ ወደ ከባዱ የመሸጋገር ዕድሉን በሩብ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ጤነኛን ሰው ከበሽታው አይከላከሉም፤ ገና ጅማሮ ላይ ላለም አልጠቀሙም። በመጀመሪያው ቅልቅል ውስጥ የነበረው ቤታ ካሮቲን ሲጋራ ለሚያጨሱ የሳንባ ካንሰር አደጋ ስለሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሁለተኛ ጥናት በሉቲንና ዚያዛንቲን በተባለው ተመሳሳይ ቀለም ተተክቷል። ፋርማሲ ገብታችሁ "የዓይን ቫይታሚን" ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ደረጃችሁን ዕወቁ። ማጨስ ማቆም ግን ማንንም አይጎዳም፤ በእጃችን ካለው መከላከያ ትልቁም እሱ ነው።

እነዚህን ጥናቶች ማመን ይቻላል? አንዱ ሌላውን ይቃረናል እኮ።

አንዳንዱን። ሦስት ነገር እያያችሁ አንብቡ።

አንደኛ፣ ደም። ደም ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከፊተኛው የዓይን ፈሳሽ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። መርፌዋ ስትገባ ለዓይን የማይታይ ደም ከተቀላቀለ የሚለካው ደም እንጂ ዓይን አይደለም።

ሁለተኛ፣ ማን ከማን ጋር ተነጻጸረ? ጤነኛ ተብለው የሚቀርቡት ብዙ ጊዜ የሞራ ታማሚዎች ናቸው፤ ዓይናቸው የሚከፈተው ለሞራው ነውና። ዕድሜያቸው ካልተመጣጠነ የተገኘው ልዩነት የበሽታው ሳይሆን የእርጅና ሊሆን ይችላል። ስኳር ያለበት ካለም ውጤቱን ያዛባል። ቀድሞ መርፌ የወሰደ ሰው ፈሳሽ ደግሞ የመድኃኒቱን ሥራ ነው የሚያሳየው።

ሦስተኛ፣ ቁጥር። አንድ ጥናት 1,000 ፕሮቲን ቢለካና በተለመደው የ5 በመቶ መስፈርት ብቻ ቢሄድ፣ ምንም በሽታ በሌለበት እንኳ 50 ያህሉ በአጋጣሚ "ልዩ" መስለው ይወጣሉ። ይህን ያላረመ፣ በሌላ ቡድን ሰዎች ላይ ያልደገመ ጥናት ከጥርጣሬ አያመልጥም። ቪኢጂኤፍ ራሱ እንኳ በማኩላ ታማሚዎች ፊተኛ ፈሳሽ ውስጥ ከሌላው ሰው ብዙም ሳይለይ የተገኘበት ጥናት አለ። የታመመው ቦታ ጠባብ ነው፣ ፈሳሹ ደግሞ ሩቅ ነው። መድኃኒቱ ግን ይሠራል። መለኪያው ዝም ሲል በሽታው የለም ማለት አይደለም።

አባቴ መሀሉን አያዩም። ይህን ምርመራ የት ላሠራላቸው?

የትም አታሠሩ። ዛሬ ማንም ሐኪም የማኩላን ሕመም ለማወቅ የዓይን ፈሳሽ ፕሮቲን አያዝም። ጥናት እንጂ የታማሚ ምርመራ አይደለም። በሽታው የሚታወቀው ሐኪሙ ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ሬቲናውን ሲያይና ኦሲቲ በሚባለው መሣሪያ ሲነሳ ነው። ኦሲቲ በብርሃን የሚሠራ ነው፤ መርፌ የለውም፣ አያምም።

ዛሬውኑ ቤት ውስጥ የምታደርጉት አለ። ከባለ ካሬ ደብተር አንድ ገጽ ውሰዱ፣ መሀሉ ላይ ነጥብ አድርጉ። አባታችሁ የማንበቢያ መነጽራቸውን ያድርጉና አንድ ዓይናቸውን በመዳፍ ሸፍነው ነጥቡን ይዩ። ከዚያ ሌላውን። መስመሩ ከተጣመመ ወይም መሀሉ ከጠፋ፣ ሳምንት ሳትሉ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። አንድ አንድ ዓይን የሚባለው ደህናው ዓይን የታመመውን ስለሚሸፍንለት ነው። ብዙ ሰው አንደኛው ዓይኑ ከሄደ በኋላ ነው የሚያውቀው።

ከደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምናው ለብዙ ዓመት የታወቀ ነው። እዚያ ወይም ሌላ የዓይን ክፍል ያለበት ሆስፒታል ሂዱ፤ የሬቲና ስፔሻሊስት ካስፈለገ ሪፈር ይጻፍላችኋል። እርጥቡ ዓይነት ከሆነ መርፌው በመጀመሪያ በየወሩ ነው የሚሰጠው። አዲስ አበባ ከሆነ የሚያሠሩት፣ ማን እንደሚወስዳቸውና የት እንደሚያርፉ ከመጀመሪያው ቤተሰብ ይመካከርበት። አንዴ ተወግተው ሲሻላቸው የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ደም ስሩ ደግሞ ይመለሳል። ጸበሉንም ዱዓውንም አትተዉ፣ መርፌውንም እንደዚያው።

ይህ ጥናት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሊሠራ ይችላል?

ትልቁ መሣሪያ ውድ ነው፤ እሱን እዚህ አልጠብቅም። ናሙናውን ግን እዚህ መሰብሰብ ይቻላል ብዬ አምናለሁ። ሞራ የሚወጣበት ቦታ ሁሉ ጠብታው አለ። የሚያስፈልገው የታማሚው ፈቃድ፣ በረዶ፣ የሠለጠነ እጅና የማይጠፋ ፍሪጅ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ወዲያው ካልተነሳ የዓመት ሥራ በአንድ ሌሊት ይቀልጣል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የደሴ ሆስፒታልም የወሎ ዩኒቨርሲቲም ዕቃቸው ተዘርፎና ወድሞ እንደነበር የማያስታውስ ደሴ ውስጥ የለም። ከዚያ የተነሳ ሰው ፍሪጅ መጠበቅ አያቅተውም። ናሙናው በደረቅ በረዶ ታሽጎ ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በቀኑ አዲስ አበባ ሊደርስ ይችላል።

ለምን ያስፈልጋል? እስካሁን የታተሙት ትልልቅ ጥናቶች ናሙናቸው በአብዛኛው ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከምሥራቅ እስያ ነው። የዘረ መሉ ልዩነት ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። ምግቡም፣ ፀሐዩም፣ ደሴን የመሰለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መኖሩም እንደዚያው። የእኛ ሽማግሌዎች ፈሳሽ ያልገባበት ጥናት ስለ እኛ ዓይን የሚናገረው በግምት ነው።

ለጥናት ናሙና ስጡ ብባል ምን ልጠይቅ?

ፈቃድ መስጫው በአማርኛ ይነበብላችሁ፤ ማንበብ ላልቻለ ከቤተሰብ አንድ ሰው አብሮ ይስማ። ጥናቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማጽደቁን ጠይቁ። መርፌው ለሕክምናው ያለዚያም የሚገባ ነው ወይስ ለጥናቱ ብቻ ተብሎ ነው? ለጥናቱ ብቻ ከሆነ ደጋግማችሁ አስቡ። ናሙናው ከአገር ይወጣል ወይ? ከወጣ የሚላክበት ስምምነት ሊኖር ይገባል። ስማችሁ ቱቦው ላይ ይጻፋል ወይስ ቁጥር ብቻ? እምቢ ብትሉ ሕክምናችሁ አይቀርም፣ አይዘገይም፤ ይህን በግልጽ ያልነገራችሁ ሰው ካለ ወረቀቱን ሳትፈርሙ መልሱለት። እሺ ካላችሁም በኋላ ሐሳባችሁን መለወጥ ትችላላችሁ።